የሁለቱ የቲሞች ቦታ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ለዐረፋ ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ አገሩ የሚገባ የመርካቶ ሰው ሁሉ ዓለም ገናን ያውቃታል። ያውቃታል ስል ግን ከመኪና መስኮት ነው። አውቶቡሱ በአየር ጤና በኩል ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሰበታ አድርጎ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ፣ ሌላኛው ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ ይወስዳል። ተሳፋሪው ለልጆች ሙዝና ዳቦ ይገዛል፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ የተጫነውን ዕቃ ያጠብቃል፤ አሮጌው ተሳፋሪ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያም መኪናው ይሄዳል። ከአስፋልቱ ኋላ፣ ከፋብሪካው አጥር ባሻገር ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም። እኔም ለብዙ ዓመታት ከማይጠይቁት አንዱ ነበርኩ።

ዓለም ገና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ትንሽ የመንገድ ዳር መንደር ነበረች። በሰሜን በኩል የወጨጫ ተራራ ይታያታል። በደቡብ በኩል ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚያበቅለው የበቾ ሜዳ ተዘርግቷል። መረሬ አፈሩ በክረምት ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ተተከለ። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው አይካ አዲስ የተባለው የቱርክ ባለሀብቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀጥሮ ነበር። በኋላ ባለሀብቱ ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ የወሰደውን ብድር መክፈል ስላልቻለ ባንኩ ራሱ ተረከበው። ከጅቡቲ የሚመጣው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲሱ የባቡር ሐዲድ መጨረሻውን ያደረገውም ሰበታ ላይ ነው። ሰበታ ራሷ በ2015 ዓ.ም ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከሌሎችም ጋር ተጠቃልላ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ገባች።

ይህ ሁሉ ልማት ይባላል፤ ልማትም ነው። ሥራ ፈትቶ የነበረ ወጣት ደመወዝ አግኝቷል፣ በዚያው መንገድ ያደጉ ነጋዴዎች አሉ። እስልምና ንግድንና ሥራን የሚጠላ ሃይማኖት አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ። ጥያቄው ፋብሪካው ለምን ተተከለ የሚል አይደለም። ጥያቄው በማን መሬት ላይና በምን ዋጋ ተተከለ የሚል ነው።

ቦታ ልገዛ ሄጄ

ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም። እንደ ብዙዎቻችሁ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያንገሸገሸኝ ሰው ነኝ። አንድ ኅዳር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ደላላ ይዘን፣ ከዓለም ገና አስፋልት ወደ ውስጥ በእግር ሃያ ደቂቃ ከሚያስኬድ አንድ መንደር ሄድን። የመንደሩን ስም የማልጽፈው ነዋሪዎቹን በደላላና በቀበሌ ፊት ላለማጋለጥ ነው። በአንድ በኩል የፋብሪካ ግንብ አጥር፣ በሌላ በኩል ለአጨዳ የደረሰ ቢጫ ጤፍ አለ። በመካከሉ ሃያ የማይሞሉ የጭቃ ቤቶች፣ ጥቂት ባሕር ዛፎች፣ የከብት በረትና አንድ ጠባብ ወንዝ አሉ። ከእነርሱ አለፍ ብሎ በአንድ ሌሊት የቆሙ የሚመስሉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የጨረቃ ቤት የሚባሉት፣ ተደርድረዋል።

ደላላው ጤፉን በእጁ እያሳየ፣ «ከአጨዳ በኋላ ትረከባላችሁ» አለን። ውሉ እንዴት እንደሚሆን ስንጠይቀው ሳቀብን። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ ስለሆነ የሽያጭ ውል አይጻፍም። የሚጻፈው የብድር ውል ነው። ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድረው፣ እስኪከፍሉ ድረስ መሬቱን አበዳሪው እንዲጠቀምበት ፈቀዱ ይባላል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አትስጉ» አለን።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ከጤፉ ዳር ተነሥተው መጡ። ማተብ አንገታቸው ላይ አለ፤ ሙስሊም አይደሉም። ሰላምታ ሰጠናቸው።

«ልትለኩ ነው የመጣችሁት፣ ልጆቼ?» አሉን፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ።

«ለማየት ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ማየት ከሆነ እዩ። የመጀመሪያዎቹም ለማየት ነበር የመጡት» አሉና የፋብሪካውን ግንብ በምርኩዛቸው አመለከቱኝ። ግንቡ ውስጥ ያለው ግቢ የእሳቸው የእርሻ ማሳ ነበር። ካሣ ተከፍሏቸዋል፤ አልተከፈለኝም አላሉም። በካሣው ትልቁ ልጃቸው መኪና ገዛ፣ መኪናው ተበላሸ፣ የቀረው ለቤትና ለሠርግ ወጣ፣ በሦስተኛው ዓመት አለቀ። አሁን ያው ልጅ በገዛ አባቱ ማሳ ላይ በተሠራው ፋብሪካ በር ዘበኛ ነው።

«ተታለሉ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ያታልለኛል፣ ልጄ? እኔ የማውቀው የጤፉን ዋጋ ነው። የመሬቱን ዋጋ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ የአንደኛው ጓደኛዬን ኮፍያ አይተው፣ «እናንተ እስላሞች ናችሁ መሰለኝ። ሃይማኖታችሁ የሰው ሐቅ አያስበላም ሲሉ እሰማለሁ» አሉ። በነቀፋ አልነበረም የተናገሩት፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን አፌ ተያዘ።

የጤፍ ዋጋና የመሬት ዋጋ

የሽማግሌው አነጋገር ከብዙ ጥናት ይልቅ ነገሩን ገልጾልኛል። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚሰጠውን የመፈናቀያ ካሣ ያሰላው፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። መሻሻል ነው፤ ይሁንና ስሌቱ የተነሣው ከዚያው ከጤፉ ነው። ለምሳሌ አንድ ማሳ በዓመት ሃያ ሺህ ብር ቢያስገባ፣ በቀድሞው ስሌት ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው። በዚያ ማሳ ላይ የሚቆመው ፋብሪካ ወይም ቤት ግን ለአሥር ዓመት ብቻ አይቆምም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ገበሬው በአሥራ አንደኛው ዓመት የሚወለድ የልጅ ልጅ ቢኖረው ለዚያ ሕፃን የተመደበለት ምንም ነገር የለም።

ደላላው ይህን ክፍተት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ገበሬውን «መንግሥት መጥቶ በካሣ ሳይወስድብህ ለእኔ ስጥ» ይለዋል። ገዢውን ደግሞ «ከተማ ሳይደርስበት በርካሽ ያዝ» ይለዋል። ሁለቱንም በፍርሃት ያጣድፋቸዋል። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቤቱን ሲያፈርሰው ገዢው ገንዘቡን፣ ገበሬው መሬቱን ያጣል። አትርፎ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በውሉ ላይ ስሙ የለም።

ከመስጊዱ በፊት የተከፈለው ዋጋ

ውድ አንባብያን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ተሰድደው መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችው ተምር በሚሰጣበት አንድ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ያ ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ንብረት ነበር። መስጊዱ እዚያው እንዲሠራ ሲወሰን ልጆቹ ያለ ዋጋ እንዲሁ ሊሰጡ እንደ ፈለጉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አሻፈረኝ ብለው በዋጋ እንደ ገዙት በሲራ ኪታቦች ተዘግቧል።

እስቲ ነገሩን እናስተውለው። ገዢው የአላህ መልእክተኛ ናቸው። የሚሠራው ቤት የአላህ ቤት ነው። ሻጮቹ ዋጋ የማይጠይቁ፣ አቅም የሌላቸው ሕፃናት ናቸው። ከተማው በሙሉ በደስታ ላይ ስለሆነ ለምን ተወሰደ የሚል አንድም ሰው አይገኝም ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ የአላህ መልእክተኛ የደካማውን ሐቅ በበጎ ፈቃዱ ስም አልወሰዱትም። የኢስላም ዋና ከተማ የመጀመሪያው ግንብ ሳይነሣ በፊት የተከፈለው የየቲም ሐቅ ነው። ታዲያ የእኛ ቪላ፣ የእኛ መጋዘን፣ የእኛ ፋብሪካ ከዚያ መስጊድ የበለጠ ክብር አለውን?

በቡኻሪና በሙስሊም እንደ ተዘገበው፣ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የተበዳዩን ሃይማኖት አይጠይቅም። ቁርኣንም በኒሳእ ምዕራፍ ስለ ጎረቤት ሲያዝ የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት አንድ ላይ ጠቅሷል። በሹዐይብ (ዐ.ሰ) ታሪክ ደግሞ ሰዎችን ከንብረታቸው ዋጋ ማጉደል በምድር ላይ ከማበላሸት ጋር ጎን ለጎን ተከልክሏል። የማያውቀውን ሰው ባለማወቁ ዋጋ ማሳነስ ሚዛን ከመስረቅ በምን ይለያል?

ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) የሕዝብ ግጦሽ የሚሆን መሬት በከለሉ ጊዜ ሑነይ ለተባለው ጠባቂ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተመዝግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዳያስቀድም አዘዙት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ የሀብታሙ ከብት ቢያልቅበት ወደ ተምሩና ወደ እርሻው ይመለሳል፣ የድሃው ቢያልቅበት ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መንግሥት ደጅ ይመጣል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ሀብታሞች ጀነት የተበሠሩ ሰሐቦች ናቸው። ዑመር ጽድቃቸውን አልተጠራጠሩም፤ የድሃው መሬት ግን በጻድቅ ስም እንኳ እንዲጠብብ አልፈቀዱም።

ስለ ውሉስ ምን እንበል? በበቀራ ምዕራፍ ስለ ብድር የወረደው ረጅሙ አንቀጽ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲቆም ያዛል። እኛ ግን ያልተበደረን ሰው ተበደረ ብለን ጽፈን፣ ሁለት ምስክር አስፈርመን፣ ከዚያ ወደ ጁሙዓ ሰላት እንሄዳለን። ውሸት የጻፈው እጅ ያው ለዱዓ የሚዘረጋው እጅ ነው።

የወንዙ ነገር

ሽማግሌው ከመሬቱ ቀጥለው ያሳዩኝ ወንዙን ነበር። ድሮ ከብት የሚጠጣበት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ነበር አሉ። ባየሁት ቀን ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ዳር ዳሩ አረፋ ይዟል። ቀለሙ የሚቀያየረው ፋብሪካው በሚያነክረው ጨርቅ እንደሆነ የመንደሩ ልጆች እየሳቁ ነገሩኝ።

ይህ ውሃ እዚያው አይቀርም። የሰበታ አካባቢ ወንዞች በበቾ ሜዳ አድርገው አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። የጣልንበትን ሁሉ ከአገር የሚያወጣልን ወንዝ አይደለም። ላይኛው ሰው የደፋውን ታችኛው ይጠጣዋል፤ በመጨረሻው ዳር ያለው የአፋር ወንድማችን ከብቱን ያጠጣበታል፣ ውዱእ ያደርግበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ነግረውናል፤ የውሃ መውረጃን ማርከስም እርግማን ከሚያስከትሉ ሥራዎች ቆጥረውታል።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። ኢንዶኔዥያ በሙስሊም ሕዝብ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። በጃቫ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የሚፈሰው ቺታሩም ወንዝ ግን በዳርቻው ከተሰበሰቡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በሚወጣ ፍሳሽ ከዓለም እጅግ ከተበከሉት ወንዞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ ወታደር ጭምር አሰልፎ ማጽዳት ጀመረ። የአገሪቱ የዑለማዎች ምክር ቤትም በ2016 እ.ኤ.አ ደንና መሬት ማቃጠል ሐራም መሆኑን በፈትዋ አስታውቋል። አዛን በሚሰማበት መንደር የሚፈስ ወንዝ በአዛኑ ብቻ አይጸዳም። ዑለማው ሲናገር፣ ባለፋብሪካው ሲገደድ፣ ጎረቤቱም ሲጠይቅ ነው የሚጸዳው።

እሳትና ዕንባ

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ሳምንት በሰበታና በአካባቢዋ ፋብሪካዎችና ተሽከርካሪዎች ተቃጠሉ። በዚያው ሳምንት፣ መስከረም 25 ቀን፣ የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ተመረቀ። አንዱ ሳምንት ሁለቱንም ተሸከመ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም ተሰርዞ ነበር። የእሳቱን ሥራ ማንም ሙስሊም ሊያጸድቀው አይችልም። የሠራተኛዋን እንጀራ ያቃጠለ እሳት የገበሬውን መሬት አልመለሰለትም። ነገር ግን ሐቁን ለዓመታት የተነፈገ ሰው ቁጣው ወዴት ይሄዳል ብሎ አስቀድሞ ያልጠየቀ ኅብረተሰብ ጭሱን ሲያይ ብቻ መደንገጡ ፍትሕ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ ልባችን ደማ። ግንቦት 18 ቀን በታላቁ አንዋር መስጊድ ከጁሙዓ በኋላ የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ለሟቾቹ ይማርልን። ሐዘናችን ተገቢ ነበር፣ ጥያቄያችንም ትክክል ነበር። ነገር ግን ነፍሳችንን እንመርምር፤ ከመስጊዱ በፊት የገበሬው ጎጆ ሲፈርስ የት ነበርን? ከመስጊዱ ጋር የድሃው የቆርቆሮ ቤት ሲፈርስስ? የአላህ ቤት ሲነካ ብቻ የምንነቃ ከሆነ፣ ያ ቤት ስለምን እንደ ተሠራ ረስተናል ማለት ነው። በየቲሞቹ ቦታ ላይ የተሠራው የመዲና መስጊድ የድሃው መጠለያም ነበር፤ ቤት የሌላቸው ሰሐቦች በሱፋው ሥር ያድሩ ነበር።

ምን እናድርግ?

እኔና ጓደኞቼ ቦታውን ትተን ተመለስን። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ጤፉ የነበረበት ላይ ድንጋይ ተራግፎ አየሁ፤ ሌላ ሰው ገዝቶታል። እኔ ስለተውኩት መሬቱ ለሽማግሌው አልተረፈላቸውም። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ከሐራም እጅን መሰብሰብ ለአንድ ሰው ነፍስ ጥሩ ቢሆንም ለመንደሩ ግን እንደማይበቃ ነው።

ስለዚህ ባለሀብቶቻችን ሆይ፣ ፋብሪካ ያላችሁ ፍሳሻችሁን ሳታጣሩ አትልቀቁ። በቡታጅራ መንገድ መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ልጃገረዶች የሚሠሩላችሁ ከሆነ፣ ላባቸው ሳይደርቅ ደመወዛቸውን ስጡ። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ዕለት ተሟጋቹ አላህ ራሱ መሆኑን አስታውሱ። ቦታ ፈላጊዎች ሆይ፣ በሐሰት ውል አትፈርሙ። መሬት በሕጋዊ መንገድ በሚገኝበት ሥፍራ ፈልጉ፤ ባለይዞታው ባለበት ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ ሳይሰሙ፣ ዋጋው ምን ማለት እንደሆነ ሳይረዳ እጁን በቀለም አትንከሩ። ደላላ ወንድሞች ሆይ፣ ማግባባት ሐላል ነው፣ ማስፈራራት ግን አይደለም። ኢማሞቻችን ሆይ፣ ስለ ሰላትና ስለ ጾም እንደምታስተምሩን ሁሉ ስለ መሬት ሐቅም አንድ ኹጥባ አትንፈጉን። ጀመዓዎችም ለመስጊድ ምንጣፍ ከምናሰባስበው ሶደቃ ጥቂቱን ከፋብሪካ አጥር ሥር ላለ መንደር የንጹሕ ውሃ ጉድጓድ ብናውለው፣ ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሰው ሁሉ ክፍት ያደረጉበትን መንገድ ተከተልን ማለት ነው።

በመጪው ዐረፋ ዓለም ገና መገንጠያ ላይ መኪናው ሲቆም፣ ሙዙን ከገዛችሁ በኋላ ከአስፋልቱ ኋላ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ሃይማኖታችሁ የሰው ሐቅ አያስበላም ሲባል ሰምቶ እውነት መሆኑን ለማየት እየጠበቀ ነው። መልሱን በቃል ልንሰጠው አንችልም።

አላህ ሆይ፣ የደካማን ሐቅ ከመብላት ጠብቀን። በእጃችን ያለውን ሐላል አድርግልን፣ የሰው የሆነውን ለባለቤቱ የምንመልስ አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።